የሰቦቃ ክርስትና

ሰቦቃን በመቱ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ አውቀዋለሁ ብሎ የሚምልም አልነበረም። ስሙን ከጎሬ እስከ ጋምቤላ ቡና የጫነ ሁሉ ይጠራዋል። በባሮ ወንዝ ላይ ሁለት ትላልቅ የእንጨት ጀልባዎች ነበሩት። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ቡናና ሰም ጭኖ ሱዳን ወዳለው ወደ ናስር ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለሳል። በጋ ሆኖ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ሸቀጡን በበቅሎ አስጭኖ ዳገቱን ይወጣና በጎሬ፣ በመቱና በሁሩሙ ገበያ ይሸጣል። ይህን ሁሉ አገሩ ያውቃል። የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበስልለት፣ ሲታመም ማን ውሃ እንደሚያቀብለው ግን የጠየቀ የለም። ባለ ጀልባ ይታመማል ብሎ ማን ያስባል?

የሁሩሙ ልጅ ነው። እናቱ ጡት ሳታስጥለው ሞተች፤ አባቱ እሱ ገና ልጅ ሳለ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እሱም የቡና ነጋዴ በቅሎ እየተከተለ አደገ። ዘመድ የለኝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዘመዶቹን የተጣላ ነው፤ ሰቦቃ ግን በእውነት አልነበረውም። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ጠላት ከወጣ በአስረኛው ዓመት ግድም መሆኑ ነው፣ ጀልባ ነበረው፣ በቅሎ ነበረው፣ መሸት ሲል «ዛሬ ቆየህ» የሚለው ሰው አልነበረውም።

በዚያ ክረምት ጋምቤላ ላይ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ወባ ጣለው። ሰቦቃ ጭነት ሲያራግፍ ወሬውን ሰማና ገብቶ አየው። ለምን እንደገባ ራሱም አያውቅም። ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ጨርቅ እያራሰ ግንባሩ ላይ አኖረለት። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። ሰቦቃ የሟቹን ልብስና መጻሕፍት በሳጥን አድርጎ ለሚስቱ ሊያደርስ መቱ ድረስ ወጣ።

ሚስቲቱ መንበረ ትባላለች። የምትኖረው ከአባቷ ከግራዝማች ፈንታሁን ጋር ነው። ግራዝማች አባታቸው ከመንዝ የመጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከዚህች ከአንዲት ልጃቸው ሌላ ያልወለዱ ሽማግሌ ናቸው። መንበረ ሳጥኑን አልከፈተችውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ሲሞት ብቻውን ነበር?»

«የለም እመቤቴ፣ እኔ ነበርኩ።»

ተነሥታ ውሃ አሙቃ አመጣችና፣ ሠራተኛ እያላት፣ የመንገደኛውን እግር በእጇ አጠበች። የእንግዳን እግር ማጠብ የአገር ወግ ነው፤ እንኳን ለባለውለታ ለማንም ይደረጋል። ለሰቦቃ ግን ከዚያ በፊት ማንም አድርጎለት አያውቅም። ልቡ እዚያ ቤት ቀረ።

ከዚያ ወዲያ በጋ በመጣ ቁጥር ለግራዝማች ጨው ይዞ ይሄዳል። መንበረ «የት አደሩ? ምን በሉ?» ትለዋለች። ይህችን ይህችን እየሰማ ሁለት በጋ ተመላለሰ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አሥራ አምስት ዓመት ጀልባውን ለሚመራለት ለዲንቃ እንኳ አልነገረውም። እሷ የግራዝማች ልጅ፣ ያውም ክርስቲያን፤ እኔ ያልተጠመቅኩ፣ «የማን ልጅ ነው?» ቢባል መልስ የሌለኝ የጀልባ ሰው እያለ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ሆድ ግን የሚፈጀው ባለቤቱን ነው።

በሁለተኛው በጋ ማግሥት፣ ክረምቱ ወጥቶ በጥቅምት መጨረሻ ወንዙ መጉደል ሲጀምር፣ አንድ ጉዞ ልድገም ብሎ ስስት ያዘው። ጨው ጭኖ ሲመለስ ከጋምቤላ በታች ጀልባው አሸዋ ላይ ወጣና ቁጭ አለ። ቢገፉት፣ በገመድ ቢጎትቱት አልነቃነቅ አለ። ዲንቃና ቀዛፊዎቹ ሰው ሊያመጡ በእግራቸው ወደ ጋምቤላ ሄዱ፤ ሰቦቃ ጭነቱን ሊጠብቅ ቀረ። በሁለት ቀን እንመለሳለን ያሉት ሰዎች ዲንቃን መንገድ ላይ ወባ ጥሎት አሥራ አንድ ቀን ቆዩ።

አሥራ አንድ ቀን ብቻውን። ውሃው በየቀኑ አንድ አንድ ጣት ይሸሻል። ጉማሬ አለ፣ አዞ አለ፣ ሰው የለም። ሰቦቃ ሞትን አልፈራም፤ የፈራው ሌላ ነው። እዚህ ብሞት ወሬዬ ማን ጋ ይደርሳል ብሎ ማሰብ ጀመረ። የጸሐፊው ሳጥን የሚደርስበት ቤት ነበረው። የእኔን ሳጥን ዲንቃ ለማን ይወስደዋል? አንድ ሰው ፈለገ፣ አጣ። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ኋላ ራሱ እንደተናገረው።

ከቀዛፊዎቹ አንዱ ሸክም በከበደው ቁጥር «ገብርኤል ድረስ» ይል ነበር። ሰቦቃ ገብርኤል ማን እንደሆነ በውል አያውቅም። ቢሆንም አፉ ላይ የመጣለት እሱ ነው። «ገብርኤል የሚሉህ፣ እኔ አላውቅህም፤ አንተም አታውቀኝም። የእኔ ነው የሚለኝ ዘመድ ስጠኝ። ከሰጠኸኝ ቤት እሠራልሃለሁ» አለ። ይህን ባለ በማግሥቱ፣ ሰማዩ እንደ ብርሌ ጠርቶ ሳለ፣ ውሃው ደፍርሶ መጣ። አንድ ክንድ ሙሉ ጨመረና ጀልባውን ብድግ አደረገው።

ላይ አገር ያለ ወቅቱ ዘንቦ ነው የሚል አለ። ይበል፣ ዘንቦ ነው። ማን አዘነበው? ሰቦቃ ያችን ሰዓት የቀመሰ ሰው ነውና ክርክር አልፈለገም። ቀኑን እንኳ ስቶት ነበር፤ መቱ ሲደርስ ግራዝማች በጣታቸው ቆጥረው ቆጥረው «ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ነው፣ በገብርኤል ዕለት» አሉት። ለመልአኩ ብለው አንድ ሁለት ቀን ገፋ አድርገው እንደሆን እሳቸው ያውቃሉ።

ለመንበረ ብሎ ነው የተጠመቀው የሚል ወሬ ኋላ ወጥቷል። ሐሰት ነው። በጋው እንደገባ መቱ ተቀምጦ፣ ገበያውን ትቶ፣ ከመምሬ አሰፋ እግር ሥር ጸሎት ሲማር ከረመ። አባታችን ሆይን በቃሉ ሲይዝ እንደ ተማሪ ልጅ እየተወዛወዘ ነበር። አምኗል። ብቻ ያመነ ሰው ፍቅሩን ይረሳል ያለ ማን ነው?

የጥምቀቱ ቀን ሲቀርብ መምሬ አሰፋ «የክርስትና አባትህ ማን ይሁን?» ብለው ጠየቁት። ሰቦቃ ነገሩን ያሰበው እንደ ነጋዴ ነው። በባሮ ላይ ዋስ የሌለው ሰው ጭነት አያገኝም። አዲስ ወደብ የሚገባ ነጋዴ አስቀድሞ የሚፈልገው «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚልለትን የተከበረ ሰው ነው። የክርስትና አባትም እንዲያው ዋስ መሰለው። ነገ ለመንበረ ሽማግሌ ስልክ «ማን ያውቅሃል?» ሲባል «ራሳቸው ግራዝማች» እላለሁ፤ በዋስነታቸው የቆምኩትን ሰው እንዴት ይመልሱኛል አለ በልቡ። በዚህ ስሌት ደስ ብሎት አደረ።

«ግራዝማች ፈንታሁን ይሁኑልኝ» አለ።

ይህን ስሌት ለአንድ ሰው ቢያወራው፣ ለአንድ የቆሎ ተማሪ እንኳ ሹክ ቢለው፣ ልጁ እጁን ይዞ ባስቆመው ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። የሰቦቃስ የቀረበት ደጃዝማችነት ብቻ በሆነ።

ግራዝማች ወንድ ልጅ አምሯቸው የኖሩ ሰው ናቸውና በደስታ እንባ አወጡ። በጥምቀቱ ቀን ወልደ ገብርኤል ተባለ፤ ማተብ አሰሩለት፤ በግራዝማች ቤት በሬ ተጣለ። ሽማግሌው በሰው መሐል ልጃቸውን ጠሩና «ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚ» አሏት። መንበረ መጥታ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመችው። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። ሰቦቃ የፊቷን መገርጣት የሥራ ድካም ነው አለ። እኔን ሳመችኝ ብሎ ያን ቀን እግሩ መሬት አልረገጠም።

ስእለቱን ለመፈጸም ጊዜ አልፈጀም። ያነሳኝ ውሃ ከየት ነው የመጣው ብሎ አሰበና፣ የሶር ውሃ ወርዶ ወርዶ ባሮ እንደሚገባ ስለሚያውቅ፣ ከመቱ ወጣ ብሎ ከሶር በላይ ያለውን ጉብታ መረጠ። የቤተ ክርስቲያኑ ፈቃድ ከጎሬ መጣ። ሰቦቃ እጁን ጠቅልሎ ገባ፤ የዋንዛ ምሰሶ አስቆረጠ፣ ጭቃ ሲረገጥ አብሮ ረገጠ። ግድግዳው ደረቱ ድረስ ሲደርስ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ረፋድ፣ መምሬ አሰፋን ከሠራተኞቹ ገለል አደረጋቸው።

«መምሬ፣ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ደግ አሰብህ። ሰው ብቻውን ሊሆን መልካም አይደለም። የማንን ልጅ አየህ?»

«የግራዝማችን። መንበረን።»

መምሬ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ከዚያ ፊቱን አዩትና ሳቃቸው እዚያው ቀረ።

«ልጄ፣ እህትህ ናት እኮ።»

«የክርስትና እኮ ናት፣ መምሬ።»

«የክርስትና ስለሆነች ነዋ። የሥጋ ቢሆን ሰባት ቤት ቆጥረን ራቀ አልራቀ እንል ነበር። ይሄ የሚቆጠር አይደለም። የክርስትና አባትህ ልጅ እህትህ ናት፤ አለቀ።»

ሰቦቃ እንደ ልማዱ መውጫ ፈለገ። «ካሳ የለውም?»

«የለውም።»

«የክርስትና አባት ብለውጥስ?»

«ጥምቀት አንዲት ናት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ልጄ።» ሽማግሌው ቄስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ምነው? ምነው ቀድመህ ሳትነግረኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ሰቦቃ።

መምሬ ሁለት ወር አስተምረውታል፤ ዳዊት አስደግመውታል፤ እውነትም አንድ ቀን «በልብህ ማን አለ?» ብለው አልጠየቁትም።

ሰቦቃ ሥራውን አቁሞ ያለ ወቅቱ ወደ ጋምቤላ ወረደ። ግድግዳው ክረምቱን ዝናብ ሲመታው ከረመ። የመቱ ሰውም ምላሱ አያርፍምና «ገንዘቡ አለቀ»፣ «ሃይማኖቱ በረደለት» እያለ አወራ። እሱ ወንዙ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ጀልባው ናስር ሊደርስ ሲል ለዲንቃ ነገረው፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሆዱን ለሰው አወጣ። ዲንቃ መቅዘፊያውን ይዞ ጨርሶ ሰማው።

«ታዲያ ይዘሃት ና» አለው። «ጋምቤላ ማን ይጠይቃችኋል? ግሪኩ ነጋዴ ይጠይቃል ወይስ ሱዳኑ? ቤት ሥራ፣ ተቀመጡ።»

ሰቦቃ ሁለት ቀን አሰበበት። ከልቡ ነው ያሰበው፤ ቤቱን የት እንደሚሠራ እንኳ መርጦ ነበር። ግን ግራዝማች ታዩት፤ ልጄ ብለው በሰው መሐል ያቆሙት ሽማግሌ በዚያው ሰው መሐል አንገት ሲደፉ ታዩት። ደግሞም አምኗልና ያመነውን መካድ አቃተው። ገብርኤልን ግን አልማረውም። በጀልባው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ፣ ዲንቃ እየሰማ፣ «ዘመድ ስጠኝ አልኩህ፣ ሰጠኸኝ። እንዲህ አድርገህ እንደምትሰጠኝ ግን አልነገርከኝም» አለው። ተቆጥቶ ነበር፤ ተቆጥቶ ሳለም ስእለቱን አላጠፈም። አንደኛውን ጀልባ ሸጠና በካርቱም መርከብ ቆርቆሮ አስመጣ። አርባ ተሸካሚ በየተራ እየተፈራረቀ ከጋምቤላ ወደ ጎሬ የሚያወጣውን የቡሬን ዳገት በጭንቅላቱ ተሸክሞ አወጣው። ቤተ ክርስቲያኑ ተከደነ፤ በዓመቱ ታቦቱ ገባ። ሰቦቃ በዚያ ቀን ከወንዶቹ ኋላ ቆሞ አስቀደሰ። ከሴቶቹ በኩል ማን እንደቆመች ሳያይ ያውቅ ነበር፤ ዞሮ ግን አላየም።

ከዚያ ወዲያ የግራዝማች ቤት ሰው ሆነ። ከወንዝ ሲመለስ ክፍል አለው፤ «የት አደሩ?» የምትለው መንበረ አሁን «የት አድረህ ነው፣ ወንድም ጋሼ?» ትለዋለች። ሰው አገኘ ቢባል አገኘ። ከቀድሞው ብቸኝነት ይህ የባሰ መሆኑን ማን ይወቅለት? የቀድሞው አንድ ወንዝ ሙሉ ርቀት ነበረው፤ የአሁኑ በአንድ ገበታ ዙሪያ ነው።

ግራዝማች ኋላ ታመው ከተኙበት አልጋ ላይ ሆነው አስጠሩት። «ሰቦቃ፣ ልጄ፣ ወንድ ልጅ ሳይኖረኝ ልሞት ነው ብዬ ነበር። መንበረ አደራህ። እኔ በሌለሁበት አባቷ አንተ ነህ» አሉት። እጃቸውን ሳመ። በቀብራቸው ላይ እንደ ልጅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆመ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እሱን «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ። ያለቀሰው ከልቡ ነው፤ ሽማግሌውን ይወዳቸው ነበር።

ሙት ዓመታቸው ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ቆሙ። ፊተኛው መምሬ አሰፋ ናቸው። ሰቦቃ ወንበር አቀረበ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ እንደ ወጉ። «የትምህርት ቤቱ መምህር ነመራ ልኮን ነው። እህትዎን መንበረን ለልጃችን ልንለምን መጣን።»

ነመራን ያውቀዋል። የሁሩሙ ልጅ ነው፤ አባቱ በቅሎ ነጂ ነበር። ይህን ባሰበ ጊዜ ልቡን አንድ ነገር ጠቅ አደረገው። የበቅሎ ነጂ ልጅ ደጁን ለማንኳኳት አልፈራም፤ የግራዝማች ስም አላስደነገጠውም፤ ዋስም አልፈለገም። ሽማግሌ ላከ፣ በቃ። መምሬ አሰፋ ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«ባለቤቲቱን ልጠይቅ» አለና ወደ ጓዳ ገባ። ሽማግሌዎቹን መመለስ ይችላል። ወንድም ነው፤ አይሆንም ቢል ማንም ለምን አይለውም። ይህን እያወቀ ነው የገባው።

መንበረ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ካልፈለግሽው እመልሳቸዋለሁ» አላት። «ምክንያት አይጠፋም።»

«ይመለሱ ትላለህ?»

«እኔ አይደለሁም የማገባው።»

መንበረ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። ቀጥላ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «አባቴን ለምንድን ነው የክርስትና አባት ያደረግከው?»

ሊዋሻት ይችል ነበር። ግን ደከመው፤ ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ደከመው። «ሽማግሌ ስልክልሽ ዋስ ይሆኑኛል ብዬ ነው። እህት እንደምትሆኚብኝ አላወቅኩም።»

መንበረ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አታውቅም ነበር» አለች። «ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን እንዴት አያውቅም እላለሁ? ሁለት በጋ ሙሉ ዛሬ ሽማግሌ ይልካል፣ ነገ ይልካል ብዬ ጠበቅኩህ። አባቴ ‹ሰቦቃ ልጄ ሊሆን ነው› እያለ ሲገባ፣ አታስቢኝ፣ እህቴ ሁኚ ብሎ በክብር መለሰኝ አልኩ። ስታከብረኝ ነው ብዬ እዚህችው ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። ከዚያ ጠሩኝ፣ ወጥቼ ሳምኩህ።»

ሰቦቃ ግድግዳውን ተደገፈ። ውጭ ሽማግሌዎቹ ሳል አሰሙ።

«አሁንስ?» አላት በመጨረሻ።

«አሁን ወንድሜ ነህ» አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ነመራ ደግ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመቴን ጨረስኩ፤ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ውጣና መልስላቸው። እንደቆሙ ናቸው።»

ወጣ። ሦስቱም ቆመዋል። መምሬ አሰፋ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩት፤ ይቅር በለኝ የሚል ዓይን ነው።

«ተቀመጡ» አላቸው። «ሰጥተናል።»

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በሶር በላይ በተሠራው በገብርኤል ቤት በቁርባን ተጋቡ። ሰቦቃ የሚደረገውን ሁሉ አደረገ፤ ድንኳን አስተከለ፣ ጠጅ አስጣለ፣ እንግዳ ተቀበለ። ዲንቃ ከጋምቤላ መጥቶ አጠገቡ ዋለ። ሙሽራዪቱ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ ሰዉ መራቂ ፈለገ። አባት የለ፣ እናት የለች፤ ሰቦቃን ግራዝማች ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጡት። መንበረ መጥታ ተንበረከከችና ጉልበቱን ሳመች።

ወግ ነው፤ ሴት ልጅ ስትዳር የአባቷን ጉልበት ትስማለች፣ አባትም ይመርቃታል። ሰቦቃ ድምፁ አልወጣ አለው። ሰዉ ደስታው ነው አለ፤ አንዲት ባልቴት «እንዲህ ያለ ወንድም ለማን ይገኛል?» ብለው ሲያወሩ ተሰሙ። እሱ እጁን ራሷ ላይ አኖረ። ይወዳት ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ መውደዱን አላቋረጠም።

«ውለጂ፣ ክበጂ» አላት። «አብራችሁ አርጁ። ቤትሽ ሰው አይጣ።»

ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። እሱም አብሮ አሜን አለ።